ዶን ኤላዲዮና የወይራው መሬት

ሰኞ፣ ማርች 3 ቀን 1986
ዛሬም ዝናብ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ማውንት ቤከር ሰፈር ቤታቸው ስደርስ ዶን ኤላዲዮ ተነስተው ጋዜጣ ይዘዋል። ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗቸው ያለ ጋዜጣ ቁርስ አይበሉም።

እኚህን የስፔን ሽማግሌ ሳጥብና ስመግብ ከረምኩ። ማን እንደነበሩ ግን ልጃቸው ፒላር የነገረችኝ ገና ዛሬ ነው። ጋዜጠኛ ነበሩ፣ ከዚያ የፓርላማ አባል። የአገራቸውን የመሬት ሕግ ካረቀቁት አንዱ... ከባለመሬት ወስዶ ለገበሬ። በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ወገናቸው ሲሸነፍ ተሰደዱ።

የመሬት ሕግ! አባባን አልጋ ላይ የጣለው እንዲህ ያለ አዋጅ አይደል? ከስንቱ ሽማግሌ መሃል እኚህ ይድረሱኝ? ሾርባቸውን ሰጥቼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 5
አባቴ ምን እንደነበረ ጠየቁኝ። አድአ ላይ ባለመሬት ነበር፣ መንግሥት ወረሰው፣ በዓመቱ ሞተ አልኳቸው። ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ ሕጉ ሲወጣ መጀመሪያ ያስወሰዱት የገዛ አባታቸውን የወይራ መሬት እንደሆነ ነገሩኝ።

«እናቴ እስክትሞት አላናገረችኝም» አሉ።

ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ልጠላቸው ፈልጌ አቃተኝ።

እሁድ፣ ማርች 9
ቸርች። እናኑ ከፊቴ ተቀምጣለች። የኡርጌሳ ልጅ... የአባባ ጭሰኛ የነበረው ኡርጌሳ። መሬታችንን የሚያርሱት ዛሬ እነሱ ናቸው። ሰላም ልትለኝ ስትመጣ እንደልማዴ በጎን በር ወጣሁ። ቤት የምታደርሰኝ ጓደኛዬ ጽጌ መኪናዋ ውስጥ፣ «ቆይ፣ ምን አድርጋሽ ነው?» አለችኝ።

ምን አደረገችኝ? ምንም።

ማክሰኞ፣ ማርች 18
ከስፔን ተደወለ። የዶን ኤላዲዮ ወንድም ሞተዋል። ያ የወይራ መሬት ከጦርነቱ በኋላ ለቤተሰቡ ተመልሶ ኖሮ ወንድማቸው ይዘውት ነበር። ልጅ የላቸውም፤ አሁን ለዶን ኤላዲዮ ደረሰ። ፒላር ከደስታዋ አለቀሰች። ቀን አስተማሪ ናት፣ ማታ ሊንውድ ከተማ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ ደክሟታል። መሬቱ ከተሸጠ አባቷ እዚሁ ቤታቸው ይጦራሉ፣ እኔም ሥራዬ ይቀጥላል። ካልተሸጠ ወደ አረጋውያን ማቆያ መግባታቸው ነው። እሱን ደግሞ ከሞት በላይ ይፈሩታል።

እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውንም እንደምንም በእንግሊዝኛ አስረዳሁ።

«ባለቤቱ ማን ነው?» አሉኝ።

ዓርብ፣ ማርች 21
እምቢ አሉ። መሬቱ ወይራውን ለሚለቅሙት ይሰጥ አሉ። ፒላር፣ ማቆያው እንደማይቀር እያወቅክ ነው ወይ አለቻቸው። ጋዜጣቸውን ደጋግመው ያጣጥፋሉ... ፈርተዋል፣ አይቻለሁ።

«አንዴ ሰጥቼዋለሁ። የሰው መሬት ልሽጥ?»

ፒላር ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ተናደደች፣ ተሳደበችም። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ «እሺ ቢል ኖሮ ግን አባቴ አይመስለኝም ነበር» አለችኝ።

ከሰዓት እግራቸውን አጠብኩ። ሁልጊዜ የማጥበው እግር... ዛሬ ግን ተንበርክኬ ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። አባባን ከልቤ እወደዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ግን በሕይወቴ አላየሁም። ጌታ ሆይ፣ ይህን ልብ ከየት ሰጠሃቸው?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3
ማቆያው ወሰዳቸው። ጋዜጣቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ወደኋላ አላዩም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 13
ቱክዊላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ነገ እጀምራለሁ።

ዛሬ ቸርች ሲያልቅ በጎን በር ሳልወጣ ቁጭ አልኩ። እናኑ መጣች፣ እንደ አገር ቤቱ ጎንበስ ብላ። «እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

ወንዝ ዳር ያለው የአባባ ማሳ ምን ተዘርቶበት እንደነበር ጠየቅኋት። ደነገጠች። ዙሪያዋን አየች። ጤፍ፣ አለች ቀስ ብላ፣ ወንድሜ ነው የሚያርሰው።

«ጥሩ ሰጠ?»

«ጥሩ ሰጠ፣ እትዬ።»

አመመኝ። ዛሬም ያማል፣ ምን እዋሻለሁ? ግን ወንበሩን ሳብኩላት።

«አፀደ በይኝ» አልኳት። «ተቀመጪ።»