የላሟ ሰዓት አለፈ

ኅዳር 11፣ ደብረ ታቦር

ጧት ላሞችን የሚያዳቅለው ባለሙያ መጣ። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ የዋለችው ትናንት ነው፤ ስልክ አልገባ ብሎ ዛሬ ደረሰ። ልጄ ጥሩነሽ ገመዱን ያዘችለት። ላሟን ዳብሶ አያትና ራሱን ወዘወዘ።

«አባባ፣ ሰዓቷ አልፏል። አሁን ዘሩን ብሰጣት ከንቱ ድካም ነው።»

«ትናንትስ ምድር ዋጠችህ?» አልኩት።

«ኔትወርኩን ይቆጡት እንጂ! ግድ የለም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ መፈለጓ አይቀርም። ያኔ ሳይነጋ እደርሳለሁ።»

 ወደ ጥሩነሽ አላየሁም። ባለፈው ወር ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የባሏን ዘር በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀኗ ሊያስገቡላት ቀጥረዋት ነበር። መንገድ ተዘግቶ መሃል ላይ አደረች። በማግስቱ ስትደርስ «ሰዓቱ አልፏል፤ ቢሆንም እንሞክር» አሏት። አልያዘም።

ባለሙያው እንደ ሄደ፣ «ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሳምንት ቀድመን ሄደን እዚያው እንቆያለን። እኔ ራሴ እወስድሻለሁ» አልኳት። ምክር አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር።

«አባዬ፣ አልነገርኩዎትም። ዕድሜሽ አርባን ተጠግቷል፤ ከእንግዲህ በዚህ መንገድ ተስፋ የለውም ብለውኛል። ያ የመጨረሻው ነበር።»

በቤቴ ለቅሶ አልወድም። ዛሬ ግን ዝም በይ አላልኳትም። ገመዱን ልቀበላት እጄን ብዘረጋ አልለቅም አለች። ላሟን ለሁለት ይዘን ቆምን።