በኑዕማን ፈንታ

ኅዳር 12
ሙቀቱ ኅዳር አይመስልም። ሁለት የተማሪ ደንብ ልብስ ጨረስኩ። የአንዱ ኮሌታ ጠመመብኝ፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ባሌ ኑዕማን ከሥራው ከሞጆ ሲገባ ማታ አንድ ተኩል ሆኗል። ሰርቪሱ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት አሉ። "ሹፌሩ እስኪቀይር ድረስ ጉደታን በዳማ ሦስቴ አሸነፍኩት" አለኝ። ዳማ ከየት አምጥታችሁ? መሬት ላይ አስምረው፣ በጠጠርና በቆርኪ። እናቱ እትዬ ሑስና "የአራጋፊዎች አለቃ ተብለህ መሬት ላይ ትጫወታለህ?" ብለው ሳቁበት። ስኳር አልቋል። ነገ ልግዛ።

ኅዳር 17
ከኑዕማን ጋር የሚሠራው ጉደታ ደወለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ።
"ቶይባ፣ አትደንግጪ..."
እንደዚያ ሲባል ነው እንጂ የሚደነገጠው።
የኮንቴይነር በር ሲከፍቱ ውስጥ የተደረደረው ሴራሚክ ተንዶ... ካርቶኑ የኑዕማን አናት ላይ። አዳማ ሆስፒታል ስደርስ ሸሚዙን ቀደውታል። ወደ አዲስ አበባ ውሰዱት አሉን። አምቡላንሱ ውስጥ እጁን ይዤ ነበር። ቢሾፍቱን ስናልፍ አንዴ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ ይሆን?

ኅዳር 18
ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። ኦፕራሲዮን ገባ። ጉደታ ኮሪደሩ ላይ ወለል ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። "አራት ሄልሜት ለአሥራ አንድ ሰው! የራሱን ለአዲሱ ሠራተኛ ሰጠው እኮ ቶይባ። ለሰው ሰጥቶ ነው..."

ታኅሣሥ 9
ስሜን ጠራ። አልሐምዱሊላህ። ሌላ ምንም አልጽፍም ዛሬ።

ጥር 6
ቤት ገባን። ጎረቤት ሁሉ መጣ። "ምንም አልሆነም እኮ! እንዲያውም አምሮበታል።" ጸጉሩ አድጎ ጠባሳውን ሸፍኖታል። እውነትም ያምራል። እንግዳው ሲወጣ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" አለኝ። አሥር ዓመት የኖርንበት ግቢ።

ጥር 15
የስፌት መኪናዬን ድምፅ አልቻለም። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ "አጥፊው! አጥፊው!" እያለ ጮኸ። ድስቱን ወረወረው። ኑዕማን? ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው? መኪናዬን ተሸክሜ ጎረቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ነው የምሰፋው፣ በነፋስና በአቧራ።
ማታ ደግሞ አቀርቅሮ "መትቼሻለሁ?" አለኝ። "አልመታኸኝም።" አምስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ጥር 23
ሲሰግድ ረከዓው ይጠፋበታል። ስንት እንደሰገደ አያውቅም። እትዬ ሑስና ከኋላው ይቀመጡና መቀመጥ ባለበት ቦታ ያስላሉ። አንዴ ሲያስሉ ሁለተኛ፣ ሁለቴ ሲያስሉ አራተኛ። ጉንፋን ይዞኛል እያሉት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

የካቲት 3
ጉደታ ሊጠይቀው መጣ። ሁልጊዜ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። ቀልዳቸውም፣ ስድባቸውም።
"አካም ጅርታ ኑዕማን?"
ፈገግ አለለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ምን አለኝ?"
ጉደታ እንዴት ነህ ብሎ በአማርኛ ደገመለት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በኋላ ለዶክተሩ ስነግረው "ከአፍ መፍቻው በኋላ የተለመደ ቋንቋ እንዲህ ሊጠፋ ይችላል፣ አንዳንዴ ይመለሳል" አለ። አንዳንዴ ማለት ስንት ነው?

የካቲት 14
ሞጆ ሄድኩ፣ ኑዕማን የሚሠራበት መጋዘን። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ነገሪ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ትሑት ሰው ነው። "እህቴ፣ ያሳዝናል። ግን ሠራተኛው የደህንነት መመሪያ ጥሶ ሄልሜቱን አውልቆ ነው የተጎዳው። እንዲህ ሲሆን ሕጉ ካሳ አያስከፍለንም።" የአደጋ ሪፖርቱን አሳየኝ። ከታች ሁለት ምስክር። አንደኛው ጉደታ። ፊርማውን አውቀዋለሁ፣ በሠርጋችን ወረቀት ላይም አለ።

የካቲት 15
ደወልኩለት።
"ምን አድርግ ትይኛለሽ? ኮንትራቴ በየሦስት ወሩ ነው የሚታደሰው። ልጆች አሉኝ።"
"ኑዕማንስ ምን አለው?"
ዘጋው። አልፈርድበትም... እፈርድበታለሁ። እንዴት አልፈርድ?

መጋቢት 4
ጾም። ለአራተኛ ጊዜ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ። መጀመሪያ የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን በመቶኛ ይወስን ይላሉ። ቦርድ ለመቅረብ የአሠሪው ደብዳቤ ያስፈልጋል። አሠሪው ጋ ስሄድ ፈራሚው የለም። ዛሬ ኑዕማንን ይዤው ሄድኩ፣ አይተው ይዘኑ ብዬ።
"እሱ ነው የተጎዳው? ደህና ይመስላል እኮ።"
"ደህና ነኝ" አለ ኑዕማን። "ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት የምትጨነቀው።"
ሰውየው ወደ እኔ አየ። ምን ልበል? እኔ ስለ እሱ ስለፋ እሱ በእኔ ላይ ይመሰክራል። ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ደስ ብሎት ነበር። ሰው ደህና ነህ ብሎታላ።

ሚያዝያ 10
ደብዳቤው ተጻፈ!! ቦርድ የምንቀርበው ግንቦት 6። እትዬ ሑስና እልል አሉ። እኔም ደብዳቤውን ትራስ ሥር አደረግሁት፣ እንደ ሕፃን።

ሚያዝያ 24
ጨርቅ ልገዛ ወደ ፍራንኮ ሰፈር ወርጄ ነበር። ሁለት ሰዓት አልቆየሁም። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሙዝ። ትልቅ ዘለላ።
"ማን መጣ?"
እትዬ ሑስና፦ "የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች። ደጎች ናቸው፣ ጠየቁት። ቀይ ፊት ያለው 'እናቴ' እያለ አጫወተኝ።"
ኑዕማን ተነሣ። ዓይኑ ያበራል። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አላየሁትም።
"ጨረስኩልሽ" አለኝ። "ከእንግዲህ ሞጆ አትመላለሺም። እኔ ጨረስኩት።"
አውራ ጣቱ ላይ የማኅተም ቀለም አለ። ፊርማውም፣ አሻራውም።
ሻይ አፈላሁለት። ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

ሚያዝያ 25
ኮፒውን አነበብኩት። የስድስት ወር ደመወዝ ተቀብሎ ከእንግዲህ ምንም ላይጠይቅ በሙሉ ፈቃዱና በሙሉ ጤናው ተስማምቷል። በሙሉ ጤናው! እናቱም እማኝ ሆነው አሻራ አድርገዋል። ማንበብ አይችሉም። "መጥተው ለመጠየቃቸው ፈርሚ ያሉኝ መስሎኝ" አሉኝ። ለአቶ ነገሪ ደወልኩ። "እህቴ፣ ባልሽ ትልቅ ሰው ነው። ወይስ አይደለም እያልሽኝ ነው?"

ግንቦት 6
የቦርዱ ቀን ነበር። መጋዘኑ ተስማምቷል ብሎ ደብዳቤውን ሽሯል። ኑዕማን ጠዋት ልብሱን ለብሶ "ዛሬ ቀጠሮ አልነበረንም?" አለ። ይኼን ግን እንዴት አልረሳውም?

ግንቦት 13
ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ቢሮ አለ ብለውኝ ሄድኩ። ጠበቃዋ ዱሬቲ ትባላለች። ከእኔ ታንሳለች፣ ጥፍሯን ትነክሳለች። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።
"ሁለት ነገር ነው ቶይባ። ሲፈርም የሚፈርመውን ማወቅ አይችልም ነበር ብለን ይኼን ማስፈረስ። ከዚያ በእሱ ፈንታ አንቺ እንድትከሺ ሞግዚት መሾም።"
"ሞግዚት የልጅ አይደል?"
"የትልቅ ሰውም አለ።" ወረቀቱን አጠፈችው። "ዳኛው ፊት ቆመሽ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ማለት አለብሽ። እሱም መቅረብ አለበት፣ ዳኛው ያየዋል።"
"እሱ እየሰማ?"
"እሱ እየሰማ።"

ግንቦት 15
ለእትዬ ሑስና ነገርኳቸው። መደበቅ አይሆንልኝም።
"ልጄን እብድ ብለሽ ልታስፈርጂበት?"
"እብድ አላልኩም።"
"ታዲያ ምንድን ነው የምትይው? ከወሎ በጀርባዬ አዝዬ ያመጣሁትን ልጅ! ወረቀት ላይ አንዴ ከተጻፈ ማን ይፍቀዋል?"
ከዚያ በቀስታ "እኔ ነኝ ያስፈረምኩት" ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ሁለታችንም አለቀስን፣ እየተጣላን።

ሰኔ 4
ጉደታ በሩ ላይ ቆሟል። ግባ ሳልለው ቆየሁ። ኮንትራቱን አላደሱለትም።
"አሁን እመሰክራለሁ። አራቱን ሄልሜትም፣ ለማን እንደሰጠውም።"
አሁን። የሚያጣው ነገር ሲያልቅ። ልሰድበው ነበር። ኑዕማን ግን ከውስጥ ሰምቶ እየሮጠ መጣና አቀፈው፤ ጉደታ ትከሻው ላይ ተንሰቀሰቀ። ኑዕማን ጀርባውን መታ መታ እያደረገ "ምን ሆነብህ? ማን ሞተብህ?" ይለዋል። እኔ ምን አገባኝ... አስገባሁት።

ሰኔ 11
ዱሬቲ አቤቱታውን ጻፈች። ፈረምኩ። ስፈርም እንደ ሌባ በሩን አያለሁ።

ሐምሌ 8
ቀጠሮው ነገ ነው። አንድ ነገር መጣልኝ። ችሎቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። እኔ አዳማ ተወልጄ ኦሮምኛ አያቅተኝም። በኦሮምኛ እናገራለሁ! እሱ አይሰማም። አጠገቤ ተቀምጦ አይሰማም። አላህ በዚያ ወስዶ በዚህ አዘነልኝ አልኩ። ዱሬቲ ስነግራት "ጥሩ" አለች፣ ቶሎ ብላ።

ሐምሌ 9
ዛሬውኑ ካልጻፍኩ አልጽፈውም።
ነጭ ሸሚዙን ተኩሼ አለበስኩት። ዳኛው ሸምገል ያሉ ናቸው። አስተርጓሚውን አስጠሩና ኑዕማንን ጠየቁት።
"ለምን እንደመጣህ ታውቃለህ?"
"ባለቤቴን አጅቤ ነው። ብቻዋን ፍርድ ቤት እንዳትመጣ።"
"ይህን ወረቀት የፈረምከው አንተ ነህ?"
"አዎ።"
"ምን ይላል?"
አየው። ብዙ ጊዜ አየው። "አልቋል ይላል" አለ።
ከዚያ እኔ ተነሣሁ። በኦሮምኛ ጀመርኩ። እሳት ጥዶ እንደሚረሳ። ከሱቅ ሲመለስ የሌላ ሰው ግቢ ገብቶ እንደተገኘ። ብር ይሁን የሻይ ቅጠል መጠቅለያ ሳይለይ ለለመነው ሁሉ እንደሚሰጥ። አልጋ ላይ ልጅ ሆኖ እንደሚያለቅስ። "ለራሱ መወሰን አይችልም" አልኩ። ቃሉ ወጣ።
የሆነ ሹክሹክታ ሰማሁ። ዞርኩ።
አስተርጓሚው ኑዕማን አጠገብ ተቀምጧል። ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ በቀስታ፣ በጥሩ አማርኛ፣ ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየነገረው ነው። ሥራው ነው። ባለጉዳይ በሚገባው ቋንቋ መስማት መብቱ ነው። እንዴት አላሰብኩትም? ዱሬቲስ? ታውቅ ነበር?
አቆምኩ። ዳኛው "ቀጥይ" አሉኝ። መቀጠል ነበረብኝ፣ ቀጠልኩ። የእኔ ድምፅ ያልቃል፣ የሰውየው ድምፅ ይከተላል። ኑዕማን ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ያይ ነበር። አንዴ ብቻ ቀና አለ፣ የአልጋውን ስናገር።
በባጃጅ ተመለስን። ስንወርድ እንደ ድሮው እጁን ዘርግቶ አወረደኝ።

ሐምሌ 10
ረስቶት ይሆን? ብዙ ነገር ይረሳ የለ? ጠዋት "ትናንት የት ሄድን?" አልኩት፣ ጨካኝ ሆኜ።
"ሸሚዝ ለብሼ ወጣን" አለ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

ሐምሌ 23
ተፈረደ። ራሱን ማስተዳደር አይችልም። ሞግዚቱ ሚስቱ ወይዘሮ ቶይባ። የሚያዝያው ወረቀት ዋጋ የለውም። ዱሬቲ አቀፈችኝ፣ አሸነፍን አለች። መጋዘኑ ይግባኝ እላለሁ ብሏል። የካሳው ክስ ገና አሁን ነው የሚጀመረው፤ ፍርድ ቤት ለክረምት ይዘጋል፣ ቀጠሮው ጥቅምት ነው። ቦርዱንም እንደ አዲስ።
ውሳኔውን እትዬ ሑስና ወደ አማርኛ እየመለስሽ አንብቢልኝ አሉ። ኑዕማንም ነበር። የእሱ ስም ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። "ጮክ በይ" አለኝ እሱ ራሱ።

ሐምሌ 27
ዝናብ። ኑዕማን ከፍርዱ ወዲህ አይጮህም፣ አይወረውርም። ጎረቤቶች "ተሻለው አይደል?" ይላሉ።

ነሐሴ 2
ጁምዓ። ታጥቦ ነጭ ጀለቢያውን ለበሰ። መስጊዱ ሁለት ቤት አልፎ ነው፣ ብቻውን ይሄዳል፣ እስከ ዛሬ ጠፍቶብኝ አያውቅም። በረንዳ ላይ እየሰፋሁ ስጠብቅ አይወጣም። ገባሁ። በሩ ጋ ጫማውን አድርጎ ቆሟል።
"ምነው? አዛን ብሏል እኮ።"
"ልሂድ?"
"ሂድ እንጂ።"
አልተንቀሳቀሰም።
"ወረቀት አያስፈልግም?"
መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።
"አያስፈልግም ኑዕማን። ይኼ... ይኼ ያንተ ነው።"
"እሺ" አለ። በትሕትና፣ ቢሮ ውስጥ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። ሄደ። ጥጉን እስኪታጠፍ አየሁት። ሁለቴ ዞሮ አየኝ፣ ልክ ነኝ ወይ እንደሚል። ሁለቱንም ጊዜ ራሴን ነቀነቅሁለት።