እምቢታ ያልተዘመረበት ደጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለታቾ፤

እንደምን ከርመሃል? የባሕሩ ዳርቻ ንፋስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ? ቲማቲም ለቀማ ጎንበስ ቀና ሲያሰኝህ እንደሚውል ከጻፍክልን ወዲህ፣ እማዬ በጎነበሰች ቁጥር ስምህን ታነሣለች። የሩፊና ሳል ተሻላት? ኤሊሴዮ ትምህርት ቤት ገባ ወይስ አሁንም ከእናንተ ጋር እርሻ ላይ ነው የሚውለው? ያቺ ሳናያት የተወለደችው ትንሿስ ድክ ድክ ማለት ጀመረች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ዓይን ደከም ብሏል፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ባሌ አማዶርም ደህና ነው፤ ገና ከአሁኑ ደብዳቤሽ ረዘመ እያለ ያጉረመርማል። በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ሰጥቶናል፤ ባቄላው ነው በጉም ብዛት የሻገተብን።

የምጽፍልህ ግን ስለ በቆሎና ስለ ባቄላ አይደለም። ጓዝህን ጭነህ የወጣህ ቀን በራችን ላይ ቆመህ የማልከውን አልረሳሁትም። «ለሰባኪያችን ለዶን ኤርሜሊንዶ ጓሮ ውኃ ሳይመለስ እግሬ ይህን መንደር አይረግጥም» ብለህ ሄድክ። አንተ ተናግረህ ወጣልህ፤ እማዬ ግን መሐላህን ይዛ ቀረች። ሲመሽ «እኔ ሳልሞት ይመጣ ይሆን?» ትለኛለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨንቆኝ ነው የከረምኩት።

ያን ጊዜ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እናንተ አዲሱን እምነት ተቀብላችሁ፣ ለቅዱስ ሲምፕሊሲዮ በዓል ሻማና ርችት አናዋጣም አላችሁ፤ የመንደሩ ጉባኤ ደግሞ ውኃችሁን ቆረጠ። ነገሩን አንሥቶ ያስወሰነውም ባዳ አልነበረም። የኤሊሴዮ የክርስትና አባት፣ የገዛ አበልጅህ ሲሪሎ ነው። ለእናንተ ውኃ ያካፈለም ይቆረጥበታል ተባለ። አንተ ተናደህ ሄድክ። ዶን ኤርሜሊንዶ ግን ሰባኪ ነኝና ምእመኖቼን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሚስታቸው ዶኛ ካሲሚራ በዚያ ዕድሜያቸው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ በጀርባቸው ውኃ ሲያመላልሱ ይኸው ሦስት ዓመት ሆናቸው። መንገድ ላይ ስናገኛቸው እንደምን ዋሉ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ከነሸክማቸው ቆመው እግዚአብሔር ይመስገን ይሉናል። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የልደት ሰሞን ደረሰና እንደ ልማዳችን የማርያምንና የዮሴፍን ምስል ተሸክመን፣ በቤተልሔም እንደሆነው ጀንበር ስትገባ ከቤት ቤት ማደሪያ መለመን ጀመርን። አንተስ ልጅ ሆነህ የዮሴፍን በትር ሰብረህ የተገረፍክበት አይደል? ዘንድሮ ፋኖስ ይዛ ከፊት የምትመራን እማዬ ነበረች። የዚያን ዕለት ተራው የአማዶር እኅት ቤት ስለነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወደ ግራ መታጠፍ ነበረብን። ጉሙ ግን ወርዶ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም፤ በዚያ ላይ ካፊያው። እማዬ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ እኛም እየዘመርን ተከተልናት። የማርያምን ምስል የተሸከመው ሲሪሎ ነበር። ድምፁን ታውቀዋለህ፤ ሲዘምር የመንደሩ ውሻ ሁሉ አብሮት ያላዝናል። አንድ በር ላይ ደርሰን ልመናችንን ዘመርንና ከውስጥ የእምቢታው ዜማ እስኪመለስልን ቆመን ጠበቅን። ደጋግመን ለምነን፣ ደጋግመው እምቢ ብለውን አይደል በሩ የሚከፈተው?

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ብቅ ያሉት ዶን ኤርሜሊንዶ ናቸው፤ በካልሲያቸው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያቆሙበት ገጽ ላይ ጣታቸውን እንደከተቱ። የጸሎት ቤታቸው ጣራ ስለሚያፈስ ሰዎቻቸው በሙሉ እሳቸው ቤት ተሰብስበው ኖሯል። እኛ እነሱን እናያለን፣ እነሱ እኛን ያያሉ። ሲሪሎ ክው ብሎ ቀረ። ግን ማርያምን ታቅፎ ወዴት ይሩጥ? እልኸኛም አይደል፣ ቆፍጠን ብሎ «ምነው ዶን ኤርሜሊንዶ፣ ሥርዓቱ ጠፋዎት እንዴ? መጀመሪያ እምቢ ማለት አለባችሁ፤ ተራው የእናንተ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ቆጣ እንኳ አላሉም። «እምቢ ማለቱን እናንተ ትችሉበታላችሁ ልጄ፤ እኛ ሰማነው እንጂ አለመድነውም» አሉት። «ይልቅ ግቡ፣ ሴትዮዋ እየረጠበች ነው።»

እማዬ ከኋላው ሆና በፋኖሷ እጀታ ጀርባውን ጎሰም አደረገችውና «አልሰማህም አንተ ሲሪሎ? እየረጠበች ነው ተባልክ እኮ! ምን ይገትርሃል?» አለችው። ገባ። እኛም ተከትለነው ገባን፤ እንዴት እንደተጣበብን አትጠይቀኝ። ምስሎቹን ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጥ ከእነሱ ወገን አንዱ ጎረምሳ «ጣዖት እኮ ነው» ብሎ አጉተመተመ። ዶኛ ካሲሚራ ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የማርያምን ፊት ይጠርጉ ጀመር። «እኔ ለእንጨት አልሰግድም፤ ደጄ ላይ የረጠበ እንግዳ ግን አደርቃለሁ። አንተ አፍህን ዝጋና ወንበር አምጣ» አሉት። ልጁም አመጣ።

ከዚያ አጥሚት ቀረበ። ለጸሎቱ ሰዎች የተጣደ የበቆሎ አጥሚት ነው፤ ቀረፋ የገባበት፣ ትኩስ። ብርድ ቆፈን አድርጎን ስለነበር ማንም አልተግደረደረም፤ ልጆቹማ ድገሙን ብለው አፋጠጧቸው። ሲሪሎ ብቻ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አይጠጣም። ውኃው ከየት እንደመጣ፣ በማን ጀርባ እንደወጣ ያውቃላ! ዶኛ ካሲሚራ መጥተው «ቀዘቀዘብህ መሰለኝ፣ በትኩስ ልለውጥልህ?» ሲሉት ነው ጭልጥ ያደረገው። ቀጥሎ ተነሥቶ በር ሥር የተደረደሩትን እንስራዎች አንድ በአንድ ዘንበል እያደረገ አያቸው። አንዱም ውኃ የለው። «የነገስ?» አላቸው ቀስ ብሎ። «የነገውን ነገ እወርዳለሁ» አሉት። ዓይኑ ቀላ፤ እሱ የምድጃው ጭስ ነው ይላል።

ልንለያይ ስንል ሁላችንም የምናውቀው መዝሙር ታጣና አባታችን ሆይ እንበል ተባለ። እኛ ከክፉ አድነን ብለን አሜን ስንል እነሱ ገና አልጨረሱም፤ መንግሥት ያንተ ናት እያሉ ቀጠሉ። ሲሪሎ እንደገና ከእነሱ ጋር አሜን አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ዶን ኤርሜሊንዶም ሳቁ። ታቾ፣ ያን ምሽት እንዴት ደስ እንዳለኝ! በጸሎታቸው ላይ የሚደልቁትን ከበሮ አሁንም አልወደድኩትም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እግዚአብሔርን ጆሮው አይሰማም ያስመስሉታል። ግን በአንድ ክርስቶስ ስም ተጠምቀን አንዱ ከቧንቧ ሌላው ከገደል መቅዳታችን ምን የሚሉት ክርስትና ነው? ቄሳችን ስንት ጊዜ አንድ አካል ናችሁ ብለውናል፤ እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን ሰምተን ወደየቤታችን ገብተናል። ያቺን አጥሚት ስጠጣ ነው የገባኝ።

በእሑዱ ጉባኤ ሲሪሎ ተነሣ። «ጌታና እናቱ ተለምነው የገቡበት ቤት ውኃ ይከልከል የሚል እጁን ያውጣ» አለ። አንድ እጅ አልወጣም። ርችት ሠሪው ሜሊቶን ብቻ «ነገ ደግሞ ከበሯቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይግቡ በሉና!» ብሎ ትቶን ወጣ፤ እስካሁንም ሰላም አይለንም። ለሻማና ለርችት አይገደዱ፣ ለመንገዱና ለውኃ ማጠራቀሚያው ግን እንደማንኛችንም ደቦ ይውጡ ተብሎ ተወሰነ። ዶን ኤርሜሊንዶም «ደቦውን መች ጠላነው? የሚጠራን አጥተን ነው እንጂ» አሉ።

በማግሥቱ ሲሪሎ መፍቻ ይዞ ወደ ላይ ወጣና መስመሩን ራሱ ከፈተው። እኔ ከገበያ ስመለስ ካንተ ጓሮ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። ለካ የሄድክ ዕለት ምናልባት ብለህ ቧንቧህን ከፍተህ ሞክረኸው፣ ደረቅ ሲሆንብህ እንደተከፈተ ትተኸው ኖሯል። ውኃው መጥቶ ጓሮህን አጥለቅልቆታል። እማዬ ከኮክ ዛፍህ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ብቻዋን ትስቃለች። ልዘጋው ስል እጄን በኃይል መታችኝና «ተይው ይፍሰስ! ሦስት ዓመት ጠብ ሳይል ከርሞ ዛሬ ቢፈስ ማን ይሞታል?» አለች። በዚያ ምሽት እንዴት መንገድ እንደሳተች ስትጠየቅ ጉሙ ነው ትላለች። ዓይኗን ጨፍና የምትሄድበትን መንገድ!

በል ልሰናበትህ፤ አማዶር መብራቱን ሊያጠፋብኝ ነው። ሩፊናን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ኤሊሴዮን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አማዶር ስለ ወገብህ በበቅሎ ስብ ይታሽ ብሏል፤ አትስማው። ዶን ኤርሜሊንዶ በጸሎት ያስቡሃል። ዶኛ ካሲሚራ ጀርባዬ አረፈ በይልኝ ብለዋል። ሲሪሎ ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ሰምቶ መጣና በራችን ላይ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ። ብዙ ሊል ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን «ለአበልጄ ሰላም በይልኝ» የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ስም ከጠራህ ሦስት ዓመቱ ነው።

እማዬ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያስጻፈችኝ ነው። «ና ብለሽ አትጻፊለት፤ እኔ አልለምነውም» አለች። «ቧንቧውን ክፍት ትቶት ስለሄደ ጓሮው ጭቃ ሆኗል፤ እኔ አልዘጋለትም፣ የከፈተው ሰው መጥቶ ይዝጋው በይው።»

እኅትህ ኤውፌሚያ

ሳን ሲምፕሊሲዮ፣ ዋሃካ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1998