አምፕሊፋየሩ ሲበራ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ በሕይወት አለን። ያ «ቀጭኑ» እያልክ የምታነሳው የጦር ሜዳ ጓደኛህ ሱቅ ድረስ መጥቶ አንድ ድንጋይ ማውጫ ቦታ ላይ እንደምትሠራ ነገረኝ። ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «ትከሻው በደንብ ገጥሞለት ይሆን?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እሷው ሰብራህ እሷው ትጨነቃለች።

ከዚያ ቀን ምን ያህሉን እንደምታስታውስ አላውቅም። ቀጭኑ እንዳለኝ ከሆነ፣ ስለዚያ ቀን ሲጠይቅህ ሾፌሩን ገደልኩት ነው የምትለው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን እወቅ፤ ሾፌሩ አልሞተም። የቀረውን ከነደሙ እነግርሃለሁ። ሸፋፍኜ ብነግርህ እንደማታምነኝ አውቃለሁ።

ከጦርነቱ ስትመለስ ያስፈራኝ ዝምታህ ነበር። ሳህን እያጠብክ እንኳ የምትዘፍን ሰው፣ ግድግዳ እያየህ መዋል ጀመርክ። እኔ ደግሞ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ አምፕሊፋየርና ስፒከር እየሸጥኩ፣ የተበላሸውንም እየጠገንኩ የምውል ሰው ሌላ ከየት አመጣለሁ? ባለሱቁን ለምኜ አንድ አሮጌ ግን ጉልበታም አምፕሊፋየር ይዤልህ መጣሁ። ከሱ ጋር ደግሞ እኛ ዳክ የምንላትን ትንሽ ሳጥን፣ ስልክ ውስጥ ቁጥር ሆኖ የተቀመጠውን ዘፈን ወደ ድምፅ የምትመልሰዋን።

ገና ሳበራው ስፒከሮቹ «ዱም» አሉ። ብዙ አሮጌ አምፕሊፋየር ሲበራ እንዲህ ይላል፤ እኔ ከለመድኩት ቆይቻለሁ። አንተ ግን እማዬን በወገቧ ጠልፈህ መሬት ላይ ጣልካትና በላይዋ ተኛህባት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። «ጭንቅላት ዝቅ!» እያልክ ፊቷን ከምንጣፉ ጋር ታጣብቀዋለህ። እሷ ከሥርህ ሆና፣ «አንተ ልጅ፣ ልታድነኝ ነው ወይስ ልትገድለኝ?» ስትል ሳቅን። አንተም ሳቅህ። ከላይዋ ግን ቶሎ አልተነሳህም።

ያን ዕለት ወጥ ቤት ገብተህ፣ እኔ የእማዬን ከንፈር ስጠርግበት የነበረውን ጨርቅ ከእጄ ተቀብለህ እያጠብክ ነገርከኝ። የሚያስፈራው ትልቁ ፍንዳታ አይደለም አልከኝ፤ ከሱ በፊት፣ የተቀበረው ፈንጂ ሲረገጥ የምትመጣዋ «ጥ» ናት። ከፊትህ ይሄድ የነበረው፣ ሁላችሁም ዘፋኙ የምትሉት ልጅ ያቺን «ጥ» ረገጠ። ከጉልበቱ በታች ምንም አልቀረለትም። ተሸክመኸው ስትሮጥ ሕመሙ ቢያቅተው ትከሻህን ነከሰ፤ ጥርሱ ሥጋህ ውስጥ እንዳለ ነፍሱ ወጣች። መንጋጋውን ያላቀቅከው በጩቤ ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅህ ስለ ውሃና መብራት የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ሸሚዝህን ገለጥ አድርገህ ጠባሳውን አሳየኸኝ፤ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል።

ከዚያ ወዲያ ዘዴ ፈጠርኩ። አንተ ውጭ ስትሆን የስፒከሩን ሽቦ ነቅዬ አምፕሊፋየሩን አበራለሁ፤ ሲረጋ ሽቦውን መልሼ እሰካለሁ። ሠራልን። አንተም መሬት ላይ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት መቀመጥ ለመድክ። ዳኮችንም እያፈራረቅኩ ከሱቅ አመጣልህ ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ፣ «ይሄ ድምፁን ያቀጥነዋል»፣ «ይሄ ደግሞ ብረት ብረት ይላል» እያልክ ትመልሳቸዋለህ። የመጨረሻዋን ስሰካ ግን ወደ ስፒከሩ ተጠግተህ፣ «ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማኛል። ይቺን አትመልሻት» አልከኝ። ከተመለስክ ወዲህ የሆነ ነገር ስትፈልግ ያየሁህ ያን ቀን ነው። እማዬ በር ላይ ቆማ ሰምታህ ኖሮ፣ መጋረጃውን ይዛ ቀረች።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

እማዬ መስኮቱ ሥር ልብስ ትተኩሳለች። አንተ የተለመደው ቦታህ ላይ፣ ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ ተቀምጠሃል። ከታችኛው ፎቅ ሾፌሩ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በልጅነታችን መሪውን የሚያስይዘን እሱ አልነበረም? ከድሮ ካሴት ላይ የገለበጣቸውን ዘፈኖች በፍላሽ ይዞ፣ በአንተ ዕቃ ልስማቸው ብሎ መጣ። ተቀብዬው ስልኬ ላይ ሰካሁት። እሱ ደግሞ ሰላም ሊልህ ከኋላህ ጎንበስ ብሎ እጁን ትከሻህ ላይ አሳረፈ፤ ጠባሳው ባለበት በኩል። ያን ጊዜ ነው ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲያልፍ ስፒከሩ «ጥ» ያለው።

ፊትህን አየሁት፤ የማላውቀው ሰው ፊት ነበር። የሾፌሩን እጅ ጠምዝዘህ ስታዞረው ክርኑ ሲጮህ ሰማሁ። አንገቱን ይዘህ ፊቱን ከአምፕሊፋየሩ ጠርዝ ጋር አጋጨኸው። ደገምከው። ሥራ እንደሚሠራ ሰው ነበርክ። ደሙ በክዳኑ ላይ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሲወርድ አያለሁ፤ ዘፈኑም አልቆመም። ወገብህን ይዤ ስጎትትህ ሾፌሩን ለቀህ ጉሮሮዬን ያዝክ። ከግድግዳው ጋር አጣብቀህ አነሳኸኝ። ስምህን ለመጥራት ሞከርኩ፤ ስም አይወጣም። የጆሮዬ ጩኸት ዘፈኑን ዋጠው። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ነው። እማዬ ካውያውን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻህ ላይ አውርዳው ነበር፤ ሳትወድቅ ስትቀር ደገመችህ። አጥንትህ ሲሰበር ጣትህ ላላ።

አንተ ያኔ ነው ያየኸን። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ሾፌር፣ ከዚያ እማዬን። እማዬ ካውያውን አልጣለችም ነበር። «ውጣ!» አለችህ። በባዶ እግርህ፣ ክንድህ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ተንጠልጥሎ ወጣህ። ደረጃው ላይ ስትወርድ እግርህ ይሰማ ነበር፤ ቀጥሎ ምንም።

የሾፌሩን ግራ ዓይን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም። አፍንጫውና ክርኑ ድነዋል።

እማዬ አምፕሊፋየሩን ከነስፒከሩ ልትጥለው ነበር። እኔ ግን ያቺ «ጥ» ከየት እንደመጣች ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ሱቅ ወስጄ ዳኩን ነቀልኩና አምፕሊፋየሩን ብቻውን አበራሁት፤ አሁንም «ዱም»። እንግዲያው ይቺኛዋ የሱ የራሱ ናት። ክዳኑን ስከፍት ደሙ ሙቀት በሚያወጣው ብረት ላይ ደርቆ ጠበቀኝ። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፤ ባለሱቁ እኔ ልሥራው ቢለኝ እምቢ አልኩት። ጥሩ አምፕሊፋየር ሲበራ፣ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ እስኪረጋ ድረስ ድምፁን ከስፒከሩ አግዶ የሚይዝ ሪሌይ የሚባል ክፍል አለው። የኛው ሪሌይ ምላሶቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ሁልጊዜ ያሳልፋል እንጂ መያዝ ትቷል። ቀየርኩት፤ «ዱም» ጠፋች።

«ጥ» ግን ከዳኩ ነበረች፣ አንተ ከወደድካት። አንድ ዓይነት ቅጂ እስካጫወትንባት ድረስ ጨዋ ናት፤ በሌላ መጠን፣ ማለት በሰከንድ በሌላ የቁጥር ብዛት የተቀዳ ዘፈን ሲመጣባት ግን ለመሸጋገር ስትል «ጥ» ትላለች። የሾፌሩ የካሴት ዘፈኖች ደግሞ እንደኛዎቹ አልነበሩም። ሲሸጋገር ድምፁን ዘግቶ የሚጠብቅ ሌላ ዳክ መረጥኩ። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ በዚህም ይሰማል፤ አረጋግጫለሁ።

ሁሉንም ገጣጥሜ ስጨርስ ባለሱቁ አብርቶ አጥፍቶ ሞከረውና፣ አሁን ጸጥ ያለ ዕቃ ሆነልሽ አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በኃይል የሚዘጋ በር አለ፤ ጎማው የሚፈነዳ መኪና አለ፤ ከእጅ የሚያመልጥ ድስት አለ። የቱን ከፍቼ እጠግናለሁ?

ተስፋ የሰጠኝ ቀጭኑ ነው። ከቤት ሸሽቶ ፈንጂ ያለበት ሥራ መግባት ምን የሚሉት እብደት ነው ብዬ ብቆጣ፣ እዚያ ደህና እንደሆንክ ነገረኝ። ድንጋዩ ከመፈንዳቱ በፊት ፊሽካ ይነፋል፤ አንተም ከሌሎቹ ጋር ዞር ብለህ ትቆማለህ፤ ተራራው ሲናድ ዓይንህ እንኳ አይርገበገብም አለኝ። ሳይነገርህ የሚመጣው ነው የሚያጠፋህ ማለት ነው። ይህን ስላንተ ላማከርኳት የአእምሮ ሐኪም ነገርኳት። ብዙ እንዳንተ ያሉ ታክማለች፤ ረጅም ሥራ ነው፣ ግን ሥራው አለ አለችኝ። ሳትጣደፍ መናገሯ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ፤ ከሱ ሌላ ይቅርታ ማድረግ የሚችል ሰው የለምና። የመሠረተብህን ክስ እንዲያነሳልን አልለመንኩትም። እማዬ ልትለምን ሄዳ ነበር፤ ዓይኑ የነበረበትን ቦታ ስታይ ሰላምታ ብቻ ሰጥታ ተመለሰች። በማግስቱ ራሱ እኛ ዘንድ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ከእንግዲህ በአንድ መብራት ነው የምሄደው፤ ትራፊክ እንዳያገኘኝ» አለን። ማንም ስላልሳቀ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ተቀምጦ ሐሳቡን ነገረን። ክሱን አያነሳም። ቤቱ ሲገባ በሩን ሁለት ጊዜ ይቆልፋል፤ ደረጃ ላይ እግር ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል። ይህን ዳኛ ይስማልኝ አለ።

«ግን አንድ የምመሰክረው ነገር አለ» አለኝ። «ያ ልጅ ሲመታኝ እኔን አያይም ነበር። ይህንንም ለዳኛው እናገራለሁ። አሁን ግን መጥቶ እኔን ይየኝ። በቀረችኝ ዓይኔ እኔም ልየው።»

ወንድሜ፣ ና። ፖሊስ ጣቢያ አብሬህ እገባለሁ፤ መርማሪውን አነጋግሬዋለሁ፤ ራስህ ከመጣህ የሐኪሟን ወረቀት ከመዝገቡ ጋር እንደሚያያይዝ ነግሮኛል። ትታሰር ይሆናል። አትታሰርም ብዬ አልዋሽህም። ብትታሰር ስንቅ አመላልሳለሁ፤ ብትፈታ ሐኪም ቤት አመላልስሃለሁ። እማዬ ደግሞ ትከሻህን ሳታይ አትሞትም፤ ይህን ጻፊለት ብላኛለች።

ቀኑን ለቀጭኑ ንገረውና አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ከኋላህ አልመጣም፤ እጄም ሳትሰጠኝ አይነካህም። ከሩቅ፣ ከፊት ለፊትህ ቆሜ በስምህ እጠራሃለሁ።

ነገር ግን አንድ ያልሰማኸው አለ። ጉሮሮዬ ድኗል፤ ድምፄ ግን ድሮ የምታውቀው አይደለም። ሻክሯል፣ ወፍሯል፤ ሱቅ የሚደውሉ ደንበኞች «ጌታው» ይሉኛል፣ እኔም ለምጄው እሺ እላለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይመለስም ብሎኛል። ስለዚህ እዚያ ሰው መሀል ሆነህ አንድ ሻካራ፣ እንግዳ ድምፅ ስምህን ሲጠራ ብትሰማ፣ እኔ ነኝ። ቀድሜ ነግሬሃለሁ፤ እንዳትደነግጥ።

ታናሽህ