ሶረቲን ከዕድር ሰርዙ ላሉን ለኦቦ ጂሩ

ለተከበሩ ኦቦ ጂሩ
የላይኛው ጨፌ ሰፈር የጤና መድህን አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለአዴ ኬኔና በግቢዎ ላሉት ሁሉ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ሰላምታው እንዳይጎድልብዎም በሌላው ቋንቋችን እጨምራለሁ፤ አካም ቡልተኒ? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ መድህኑ ደርሶናል፤ ጤናው ነው ትንሽ የዘገየው።

የሺወርቅ እባላለሁ፤ ነቀምቴ ተወልጄ፣ ነቀምቴ አስተምሬ፣ ነቀምቴ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን የላይኛው ጨፌ ዕድር ጸሐፊ። ራሴን የማስተዋውቀው ለአንባቢ ነው እንጂ እርስዎስ ያውቁኛል፤ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ማባዛት ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ። ያኔ አንተ እልዎት ስለነበር ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወደ ጉዳዬ ስገባ፣ ባለፈው ሳምንት ለዕድራችን የላኩት ትእዛዝ ደርሶናል። የጤና መድህን ግዴታ ስለሆነ መታወቂያውን ያላሳደሰ አባል ከዕድር ይሰረዝ፣ ሲሞትም ድንኳን አይተከልለት ይላል። ከመላው ሰፈር ያላሳደሰችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የስኳር ሕመምተኛዋ ጎረቤቴ ሶረቲ ናት። ለጤናችን የተቋቋመ ቢሮ ስለ ቀብራችን ይህን ያህል ማሰቡ ልባችንን ነክቶታል። ሆኖም የሚከተሉትን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ግዴታ መሆኑን አልቃወምም። ዕድራችን ራሱ በግዴታ የቆመ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ሰፈራችን ባጃጅም አምቡላንስም ስለማይወጣ፣ የታመመ ሰው እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ይወርዳል፤ ለዚህም ከየቤቱ አንድ ትከሻ መውጣት ግድ ነው። ሀብታም ነኝ፣ ባለሥልጣን ነኝ፣ ከሕመምተኛው ጋር ተኳርፌያለሁ ብሎ መቅረት የለም። ጤነኛው ካልተገደደ በሽተኛው መንገድ ላይ እንደሚቀር ለማወቅ ስልጠና አላስፈለገንም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መድህኑን ይዘው ስብሰባችን ላይ ሲገኙ ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር፤ ሶረቲም ከሁላችን ቀድማ ከፍላለች።

፪. ሶረቲ ኢንሱሊን ካልተወጋች በሕይወት አትቆይም። መታወቂያዋን ይዛ ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ ተባለች፤ ገዛች። የገዛችበትን ደረሰኝ ይዛ ቢሮዎ መጣች፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ደግማ መጣች፤ ስልጠና ላይ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለቢሮዎ የተተረተ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ እኛ ላሟን ቢያንስ ግድግዳ ላይ በፖስተር አይተናታል። የማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ ሶረቲ እጇ ላይ በቀረው ገንዘብ መርፌዋን ገዛች። መድህኑስ ብዬ ብጠይቃት፣ አዴ የሺ፣ ካርዱን ልወጋው ነው እንዴ አለችኝ። መልሱን እርስዎ ካወቁት ይጻፉልኝ።

፫. ያ የገዛችውም አለቀና ማክሰኞ ማለዳ ራሷን ሳተች። ጥሪ ተደረገ፤ ፊራኦል ሱቁን ሳይዘጋ መጣ፣ ከሶረቲ ጋር በአጥር የተካሰሰው ጆቴ ሳይቀር መጣ። ከእርስዎ ቤት የመጣው ግን እንደ ሁልጊዜው የመቅረት ቅጣት ገንዘቡ ነው፣ በሠራተኛዎ እጅ፣ በፖስታ ታሽጎ። ክቡርነትዎ፣ ቅጣት የተደነገገው ለቀረ ሰው ነው እንጂ መቅረትን ለመግዣ አይደለም። ተራው የእርስዎ ነበርና ከፊት የቀኙን እጀታ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ያዙት። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንሸራተታቸው፤ ቃሬዛው ሲያዘነብል ሶረቲ ልትወድቅ ስትል ከስር የደገፍኳት እኔ ነኝ። በጣም ፈርቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ተናድጃለሁ። እሷ ከፍላ መድኃኒት አጣች፣ እርስዎ ከፍለው ትከሻዎን አተረፉ፤ እኛ ሁለቱንም መድህን ብለን እንድንጠራ ይፈለጋል።

፬. እርስዎ ሲያምዎ የግል ክሊኒክ እንደሚሄዱ ሰምተናል። ደግ አድርገዋል፤ እኛ ጋ ወረፋው ረጅም ነው።

እንግዲህ ዕድራችን ትናንት ተሰብስቦ የወሰነውን ላሳውቅዎ። ሶረቲ አልተሰረዘችም፤ ወደፊትም አትሰረዝም። የላኩት ፖስታ እንደታሸገ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሶልዎታል፤ ከእንግዲህ ቅጣትን አስቀድሞ መላክ ክልክል ሆኗል። መንግሥት ያስገድደን፣ እንገደዳለን፤ ነገር ግን መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ እንዲገኝ ይገደድ፣ አስገዳጆቹም የእኛኑ ካርድ ይዘው ከኋላችን ይሰለፉ። ይህን ከፈጸሙ ሶረቲን ራሴ እጇን ይዤ አመጣታለሁ፤ እስከዚያው ግን ስለ ቀብሯ አይጨነቁ፣ እሱን እኛ እናውቅበታለን።

ስለ ትእዛዝዎ ግልጽነት፣ ስለ ስብሰባዎችዎ ብዛት፣ በሰፈራችን ስለመኖርዎም ጭምር በዕድሩ ስም ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ነጋን ኦላ፣ በሰላም ይዋሉ እላለሁ።

ማባዛትን አስተምራዎ ማካፈልን ሳታደርስዎ ክፍል የቀየሩባት፣
አክባሪዎ የሺወርቅ

ታካይ፦ ሶረቲ ሆስፒታል ውስጥ ነቅታለች። ቅዳሜ ጠዋት ከአስፋልቱ እስከ ቤቷ ሽቅብ እንወስዳታለን፤ ከፊት የቀኙ እጀታ ለእርስዎ ተይዟል። ይከብደኛል ብለው አይስጉ፤ መድህን በገባችበት ዓመት በጣም ቀልላለች።