ማክሰኞና ሐሙስ በአረጋውያን ቤት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለይርጋነሽ፣ ቢቸና

አባባንና ልጆቹን ይዘሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጀርመንን ብርድም እየለመድኩት ነው።

የሥራ ፈቃዴ እስኪመጣ በአንድ የአረጋውያን ቤት በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ጀምሬያለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ሻይ አድላለሁ፤ ቋንቋው ገና ስለሚቸግረኝ ብዙውን ጊዜ ዝም ብዬ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በመጀመሪያው ቀን "ሄልጋ" ብለው ጠሩኝ። "ሄልጋ አይደለሁም፣ ንጋት ነኝ" ስላቸው ደንግጠው አለቀሱ። የቤቱ ኃላፊ ወደ ጎን ወስዳኝ፣ "ሄልጋ የሞተች እህታቸው ናት። አታርሚያቸው፤ እጃቸውን ይዘሽ ስሚያቸው" አለችኝ። አሁን ሄልጋ ሲሉኝ "አቤት" እላለሁ፤ እሳቸውም ሻያቸውን እየጠጡ ስለ ልጅነታቸው ያጫውቱኛል።

አባባ ሞጣ እሄዳለሁ ብለው ሳይደርሱ ግንደወይን ላይ መውረዳቸውን ወንድማችን ዓለምነህ ነገረኝ። መንገዱ ስለሚያደክም ከእንግዲህ ብቻቸውን ባይሳፈሩ ደስ ይለኛል። የአንቺንም ስልክ ቁጥር ጽፈሽ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ክተቺላቸው።

እሑድ ስደውልላቸው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እማዬን መሰልኳቸው።

"ከሞጣ መቼ ነው የምትመለሽው?" አሉኝ።

"መንገድ ላይ ነኝ፤ እቤት ሆነው ይጠብቁኝ" አልኳቸው።

አንቺም ከጠየቁሽ እንዲሁ በያቸው።

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ።

እህትሽ ንጋት