የሕመሜ ልኬት

ውድ እታለም፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ጉድ የሠራችኝ ይህችው «ደህና ነኝ» ናት።

ከመሄድሽ በፊት አብረን ሐኪሙ ዘንድ የገባን ዕለት ትዝ ይልሻል? «እንዴት ነዎት እናቴ?» ሲለኝ፣ መንገድ ላይ ሰላም እንዳለኝ ሰው ቆጥሬው «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አልኩት። እሱም እንዳልኩት ጻፈ። የዚያን ዕለት ጠዋት የካንሰሩ ሕመም ጎኔን ድንገት ሲይዘኝ የደንበኛ ጨርቅ ነክሼ ነበር፤ አንቺም አይተሽኛል። ይህን ግን ሁለታችንም ለሐኪሙ አልነገርነውም። አንቺ እንዳላፍር ብለሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ሐኪሙ ከስፌት ማሽኔ እንዳያስነሳኝ ፈርቼ።

«ልጆችሽ ናፍቀውሻል፣ ሂጂ» ብዬ የገፋፋሁሽም ለልጆችሽ አዝኜ አይደለም። ብቻዬን ሆኜ እንደ ልቤ ልጮህ ብዬ ነው። ይህን በስልክ ልነግርሽ አልደፈርኩም።

ከሄድሽ በኋላ ባሰብኝ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ጎኔን ሰንጎ ይይዘኝና ሩብ ሰዓት ያህል በላብ አጥምቆኝ ይሄዳል። አንድ ቀን የኮት ቀኝ እጅጌ በግራ በኩል ገጥሜ ተገኘሁ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ከሕመሙ ይልቅ እጅጌው አናደደኝ። የልኬት ደብተሬን ከፈትኩና የሰው ደረትና ወገብ በምጽፍበት ገጽ የራሴን ሕመም መዘገብኩ፦ ስንት ሰዓት መጣ፣ ምን ስሠራ፣ የት ላይ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ከአሥር ስንት ይሆናል።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ እንዴት ነዎት ሳይለኝ ደብተሩን ፊቱ ዘረጋሁለት። ቀስ ብሎ አነበበና ለምን እስከ ዛሬ እንደደበቅኩ ጠየቀኝ። ማሽኑን ይተዉ እንዳይሉኝ ብዬ ነው አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ጠዋትና ማታ የምወስደው ኪኒን ዋናውን ሕመም ይዞታል፤ ይህ በላዩ ድንገት የሚመጣ ሌላ ስለሆነ ቶሎ የሚሠራ የራሱ መድኃኒት አለው ብሎ አስረዳኝ። እስኪብስብኝ ሳልታገሥ እንደጀመረኝ እንድወስድ፣ ፔዳል ከመርገጤም ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እንድውጠው አዘዘልኝ። ሱስ ይሆንብኛል ብዬ መፍራቴን ሳይቀር ነገርኩት።

«እንደታዘዘው ከወሰዱ አያስፈራዎት» አለኝ። «በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ካስፈለገዎት ግን ይደውሉልኝ፤ ዋናውን እናስተካክላለን። እርስዎ ካልነገሩኝ እኔ ከየት አውቃለሁ?»

አልዋሽሽም እታለም፣ ጨርሶ አልጠፋም። ትናንት ሁለቴ መጣ፤ አንዱ ከአሥር አራት፣ ሌላው ሦስት ነበር። በመሀል ግን አንድ ካፖርት ከነገበሩ ጨርሼ ሰቀልኩ። ማንጎራጎር ሁሉ ጀምሬያለሁ። ጎረቤቴ ጫማ ሠሪው ሰምቶኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ጩኸቱ ይሻል ነበር» ብሎ ቀለደብኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ይሰማኝ ኖሯል።

አንቺን በውሸት መሸኘቴ ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል፤ ለዚህኛው ሐኪሙ ያዘዘልኝ የለም። ስለዚህ ነይ። ልታስታምሚኝ አይደለም፣ እንድንጫወት ነው። ሕመሙ ቢነሳብኝም ከእንግዲህ የምጮኸው አንቺ ፊት ነው።

ታናሽሽ፣ ግግሟ